ዳንቴል የለበሰው ሮቦትሽ

ልጄ ሰልሳቢል፣ አላህ ትምህርትሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። ከማፈሬ የተነሳ ለጎረቤታችን ለሃፊዛ እንኳ ያልነገርኳትን ጉድ ልንገርሽ።

ዩኒቨርሲቲ የሠራሽውን ትንሽ ሮቦት «ድምፅ ሲሰማ ይሄዳል፣ ሰው ሲያይ ይቆማል» ብለሽ ልከሽልን የለ? አቧራ እንዳይነካው እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለበስኩት። ለካ ዓይኑን ሸፍኜበታለሁ!

ትናንት ለእህትሽ ለሚስኪ የጋብቻ ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ ኑሕ «ልጃችሁን ለልጃችን» ማለት ሲጀምሩ፣ ያ ነጭ ለባሽ ከሶፋው ሥር ብቅ ብሎ እግራቸውን አይገጫቸው መሰለሽ!

«አዑዙ ቢላህ! ይሄ ቤት ጂን አለበት!» ብለው መልሳችንን ሳይሰሙ ወጡ። ሚስኪ እስካሁን እህል አልቀመሰችም። ኮልፌ ሲሰማ ምን ይለን ይሆን?

እባክሽ ለሐጂ ደውለሽ «እኔ ነኝ የሠራሁት» በያቸው፤ እኔን አላመኑኝም። እጅሽ ይባረክ። ዳንቴሉን አውልቄዋለሁ፤ ጁምዓ ከተመለሱ የሆነውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ ሀያቱ