ለአባዬ፦ ስለ ሌዘሩና ስለ መዳቡ ሽቦ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንዴት ከረሙ? ስኳርዎ እንዴት ነው? ደመና ሲጠቁር ከሁላችን ቀድሞ የሚያውቀው ጉልበትዎስ? ሱቁ፣ የራዲዮኖቹ ጩኸት፣ የደንበኞችዎ ንትርክ ሁሉ እንደነበረ ነው? ድድዎን ሆን ብዬ ዘልየዋለሁ፤ ወደ እሱ እንመጣለን። እኔ ደህና ነኝ። ከሳሙናና ከመድኃኒት ብዛት እጄ ከመድረቁ በቀር የሚጎድለኝ የለም። ናፍቆታችሁም ያው ናፍቆት ነው፤ ተለማምደነዋል።

የላኩት የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። የምሠራበትን የጥርስ ክሊኒክ አሮጌ ሌዘር ድድዎን ራስዎ እንዲያክሙበት እንድልክልዎና ይህንንም ለእናቴ እንዳልነግር ነበር የጠየቁኝ። እናቴን በተመለከተ፣ እርስዎ ሲናገሩ ከጀርባ «የምን ሌዘር ነው ደግሞ?» ስትል ስለምትሰማ ምስጢሩ እኔ ጋ ሳይደርስ አልቋል።

እህቴ የላከችውንም ፎቶ አየሁ። የሚነቃነቁትን ሁለት የፊት ጥርሶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከትራንስፎርመር በፈቱት ቀጭን የመዳብ ሽቦ አስረዋቸዋል። እውነቱን ለመናገር አስተሳሰሩ ያምራል፤ ጫፉ ከንፈርዎን እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ አጥፈውታል። ሰፈሩ «አባ ሽቦ» ቢልዎት አይፈረድበትም። ቤታችን ውስጥ የተሰበረ ነገር ሲጣል አይቼ አላውቅም። ወንበሩም፣ ጃንጥላውም፣ የእናቴ መነጽርም የቆሙት በሽቦ ነው፤ አሁን ደግሞ የጥርስዎ ተራ ደረሰ።

ሌዘሩ ምን እንደሚሠራ ከራሴ አፍ መስማት ፈልገዋል፤ ያየሁትን ልንገርዎ። የእኔ ሥራ መሣሪያ ማጠብና መቀቀል፣ ሐኪሟ ስትሠራ ደግሞ ከጎኗ ቆሜ ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ መያዝ ነው። ሐኪሟን በሌለችበት «ዓይን» እንላታለን። ሌዘሩን ልታበራ ስትል በሩ ይዘጋል፤ እሷም፣ እኔም፣ ታካሚውም ጥቁር መነጽር እናደርጋለን። ከዚያ «ዓይን!» ትላለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በየተራ «ተሸፍኗል» ካላላት እግሯ ፔዳሉን አይነካም። ባለፈው አንድ አስታማሚ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ስላልመለሰላት ከነስልኩ አስወጣችው። ሰውየው አሁን ሲመጣ ገና ከደጅ ጀምሮ «ተሸፍኗል» እያለ ነው የሚገባው።

ሰው የማያውቀው ነገር፣ መጀመሪያ ሌዘር የለም። ድዱን በመርፌ ታደነዝዝና ከጥርሱ ሥር የተጋገረውን ድንጋይ በቀጭን ብረት ትፍቀዋለች። ረጅሙና አድካሚው ሥራ ይህ ነው፤ ያረረ ድስት ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብርሃኑ የሚያልፍባትን፣ ፀጉር የምታህል ክር በድዱና በጥርሱ መካከል ታስገባለች፤ የክሩ ጫፍ የታመመውን ሥጋ ያነሳል፣ ጀርም ይገድላል፣ ደሙንም ያቆማል። ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። የአፍ ቁስል እህል ውኃ የከለከላት አንዲት ልብስ ሰፊም በዚሁ ብርሃን ሕመሙ ቀሎላት ሄዳለች። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ያለቀ አጥንት መልሶ አያበቅልም፤ የላላ ጥርስም እንደ ቡሎን አያጠብቅም። የሌዘር ማስታወቂያ ላይ የሚስቀው ሰውዬ ከመጀመሪያውም ጥርሱን ያመመው አይመስለኝም።

አሮጌው ማሽን መኖሩ እውነት ነው። ብጠይቀው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ «ቦታ አጣበበኝ፤ ውሰድልኝ» አለና ጭራሽ ተሸክሞ እስከ በር አደረሰልኝ። ክፍሌ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ልጅዎ ነኝና ሳልከፍተው አላደርኩም። የውስጡን ገመድ ባየሁ ጊዜ እርስዎ እንደሚያስነሱት አንድም አልተጠራጠርኩም። የፈራሁትም ይህንኑ ነው። ራዲዮ በደንብ ባይታደስ ቢበዛ ዝም ይላል። ይህኛው ኃይሉ ከተዛባ ድዱንም አጥንቱንም አብሮ ይጠብሳል። ከዚያ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ያለው ትልቁ መስታወት ፊት ቆመው፣ አፍዎን ከፍተው፣ ራስዎን ሊያክሙ ሲሞክሩ ታየኝ። መስታወት ያንን ብርሃን ቀጥታ ወደ ዓይንዎ ይመልሰዋል። አጠገብዎ ቆሞ «ዓይን!» የሚል ሰው ደግሞ የለም። በማግስቱ ማሽኑን ተሸክሜ መለስኩት።

ለሐኪሟም ነገሩን አጫወትኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ፎቶውን አጉልታ አይታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስኳር አለባቸው ወይ ብላ ነው። አዎ ስላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድዱ ስኳሩን፣ ስኳሩ ድዱን እንደሚያባብሰው አስረዳችኝ። ሽቦው ሥር የሚታየው ነጭ ነገር መግል ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ሽቦው ጥርሱን ስለያዘው የዳኑ ይመስልዎታል እንጂ በሽታው ወደ ውስጥ እየሄደ ነው። በፎቶ ብቻ መፍረድ ባይቻልም፣ ምናልባት አንዱ ይነቀላል፣ የቀሩት ቶሎ ከተያዙ ሊተርፉ ይችላሉ አለችኝ። ቀጥላም «ሲደማባቸው ጊዜ መቦረሹን ትተውታል፣ አይደል?» አለች። አይታዎት የማታውቅ ሴት አወቀችብዎ። የሚደማውን ቦታ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ሲዘለል ደግሞ ይብስበታል ትላለች።

ስለዚህ ሳላስፈቅድዎ ያደረግኩት ነገር አለ። እህቴ በእኔ ጥያቄ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ካለው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዛለች። ሌዘር የላቸውም፤ ደውዬ ጠይቄአለሁ። የእኛይቱ ሐኪም ግን የሚያስፈልግዎ ጥሩ እጅና በየጊዜው መመላለስ ነው፤ ለዚያ ሌዘር የግድ አይደለም ብላለች። ስኳርዎን ቀድመው ይለኩልዎታል፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ይዘው ይሂዱ። ሽቦውን እነሱ ይፍቱት፤ እባክዎ በፒንሳ እንዳይነኩት።

የሚከብድዎ ሕመሙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዕድሜዎ ሌላ ሰው ያደሰልዎት ነገር የለም፤ ጫማዎን እንኳ ለጫማ ሰፊ ሰጥተው አያውቁም። አሁን በጀርባዎ ተጋድመው የሌላ ሰው እጅ ሲሠራብዎ ዝም ማለት ሊኖርብዎ ነው። «እንዲያ አይያዝም» ለማለት እንኳ አፍዎ ትርፍ ጊዜ አይኖረውም። ማሽኑን ከለከለኝ ብለው እንደሚቆጡብኝም አውቃለሁ። ይቆጡ። እኔ ፈርቻለሁ አባዬ። እዚህ ወንበር ላይ እየዘገዩ የመጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከእነሱ አንዱን እንዲመስሉብኝ አልፈልግም። የሚቆጣኝ አባት ቢኖረኝ ይሻለኛል።

እናቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ሁሉን ሰምታለችና ማስተባበሉን ይተዉት። እህቴን ፎቶ አነሳችኝ ብለው እንዳያኮርፏት፣ አንሺና ላኪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ባሏን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሐሙስ በመኪናው የሚያደርስዎ እሱ ነው፣ እግረ መንገዳችሁን የመኪናውን ራዲዮ ልፍታው እንዳይሉት። አክስቴን እጅ ይንሱልኝ፤ ለጥርስ ሕመም የምታዘውን ቅርንፉድ ለሻይዋ ታስቀምጠው። ጎረቤታችንን ፀጉር አስተካካዩንም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ ጥርስ እነቅላለሁ እንዳይል አደራ።

ሐሙስ ሥራ አልገባም፤ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። ከሐኪሙ ሲወጡ አፍዎ ደንዝዞ መናገር ቢያቅትዎ እህቴ ትናገርልኝ። እርስዎ ግን ስልኩን ወደ አፍዎ አስጠግተው ይተንፍሱልኝ፤ እሰማዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ

ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከክፍሌ
የካቲት ፳፩ ቀን