ግሥ የጠበቁት እትዬ ግሥ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ሰኔ 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አንድ እጅጌ የቀረውን ኮት ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ለደንበኛ አላሳይም የሚሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ይህንኑ ጠባይ ወርሰው ለዓረፍተ ነገር አዋሉት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቀው በ1967 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ። ተማሪ «በመስኮቱ አጠገብ ያለው ትልቁ ቀይ ወንበር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ነጥብ ካሳረፈበት፣ «ወንበሩ ምን ሆነ? ተሰበረ? ተሸጠ? ግሡ የት አለ?» ይሉታል። «እትዬ ግሥ» የሚለው ስም የወጣላቸውም በዚሁ ነው። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «እትዬ፣ ቦርሳዎን…» ብለው ቢጮሁ፣ እናታችን ቆመው «ቦርሳዬን ምን?» አሉ። ዘበኛው ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርሱ ሌባው ቦርሳውን ይዞ ማዕዘኑን ዞሮ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ጋራዥ ተከፈተ። ሰሌዳው ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «መኪና ስለምናውቅ» ተብሎ ተጽፎ ነጥብ ተደርጎበታል። እናታችን ሦስት ቀን ታግሠው በአራተኛው ገቡ።

«ስለምታውቁ ምን?»

«እንጠግናለን ነዋ!» አለ ከመኪና ሥር አንድ ድምፅ።

«ታዲያ ይጻፋ!»

ቀለም ተገዛ፤ ሰሌዳው ተሟላ። በዓመቱ ከመኪና ሥር የወጡትን መካኒክ፣ አባታችንን፣ አገቡ።

ችግሩ አባታችን ቃል የሚቆጥቡ ሰው መሆናቸው ነው። «እኔ እኮ አንቺን…» ብለው ይጀምሩና መፍቻ ፍለጋ ይሄዳሉ። እናታችን ግሡን ጠበቁ። እኔና እህቴ ተወለድን፣ አደግን፣ ተዳርን፤ ግሡ አልመጣም። በቀልድ ይሸፍኑት እንጂ ነገሩ ያንገበግባቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት እናታችን ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ። ሕክምናው እንዳልሠራ ሐኪሙ በነገሩን ዕለት፣ አባታችን አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ሲያሻሹ ቆዩና «እኔ እኮ አንቺን…» አሉ። ነርሷ መርፌዋን እንደያዘች ቆመች።

«ለምጄሻለሁ» አሉ አባታችን። «አሁን እንዴት ብዬ ብቻዬን ቤት እገባለሁ?»

እናታችን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ። «ሌላ ግሥ ነበር የጠበቅሁት» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይኼኛው ይበልጣል።»

ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አባታችን እጃቸውን እንደያዟቸው እናታችን ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ነጥብ ከማሳረፋቸው በፊት ቆም የሚሉ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ዛሬ ብቻቸውን ቤት ለሚገቡት አባታችንም ብርታቱን ይስጥልን።