መንቀጥቀጧ በግምገማ ለታየላት ፒክአፕ

ለክቡር አቶ ዳልጮ ደገፉ
የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ኅዳር 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት፣ እንዲሁም ለሚሽከረከረው የቢሮ ወንበርዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ወንበርዎ ሲዞሩበት እንደማይንቀጠቀጥ፣ ቢንቀጠቀጥም በዚያው ቀን እንደሚቀየርልዎ ስለማምን በእሱ በኩል ምንም ስጋት የለብኝም።

ፈሪድ ሽኩር እባላለሁ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት የአቶ ሽኩርና የወይዘሮ አዚዛ ልጅ፣ የመሥሪያ ቤትዎ አሽከርካሪ የነበረው የኢሊያስ ታናሽ ወንድም ነኝ። ኢሊያስ በመስከረም ወር፣ ወደ ሃላሌ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በእናንተ ፒክአፕ ውስጥ እንዳለ ሕይወቱ አልፏል። ደብዳቤውን የምጽፈው ግን ለእሱ ብዬ ብቻ አይደለም። ፒክአፗ ቀለም ተቀብታ ወደ ሥራ ተመልሳለች፤ አሁንም ትንቀጠቀጣለች፤ አዲሱ አሽከርካሪ አቶ ቦልቴም በሚቀጥለው ሳምንት ሲሚንቶ ጭነው በዚያው ቁልቁለት እንዲወርዱ ታዘዋል። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጽሑፌን «ከእኛ አቅም በላይ ነው» ብሎ ስለመለሰልኝ በአደባባይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁና ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። «ቅሬታ» የሚለው ቃል ለአንድ ተማሪ ስለሚከብድም የምለውን ሁሉ በምስጋና መልክ በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

1ኛ. ባለፈው ዓመት ፒክአፗ ለምንጭ ማጎልበት ሥራ የሚውለውን ሲሚንቶ ከአቅሟ በላይ እንድትሸከም ብለው ከኋላዋ ጭነት የሚሸከም ተጨማሪ የባሌስትራ ብረት ስላስገቡላት ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ባዶዋን ስትሆን ኋላዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ስለምትሄድ የሰፈራችን ልጆች «ፌንጣ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። ነገር ግን ፌንጣ ከሆዷ ሥር የሚሽከረከር ብረት የላትም፤ ፒክአፗ አላት። ይህ ብረት ከካምቢዮዋ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኗ፣ ተነስቶ ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎቿ የሚያደርስ ረጅም ዘንግ ሲሆን፣ ጫፎቹ መካኒኮች ክሮቼራ በሚሉት መጋጠሚያ እየተጣጠፉ ይዞራሉ። የመኪናዋ ኋላ ከፍ ሲል ክሮቼራው ከልኩ በላይ ታጥፎ ይዞራል፤ ከልኩ በላይ ታጥፎ የሚዞር ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ይበላል። ይህን ባሌስትራው በገባበት ቀን ማንም አላሰበውም፤ ወንድሜም ጭምር። ስለዚህ በዚህኛው ነጥብ የሚወቀስ ሰው የለም፤ ምስጋናዬም እውነተኛ ነው ማለት ይቻላል።

2ኛ. ወንድሜ የመንቀጥቀጡን መነሻ ሲፈልግ ላደረጋችሁለት ትብብር አመሰግናለሁ። ፒክአፗ ጭነት ይዛ ከቆመችበት ስትነሳ ወለሏ ከእግር ሥር ይርገፈገፍ ነበር። ትንሽ ስትንቀሳቀስ ጸጥ ትላለች፤ አስፋልት ላይ ስትፈጥን ደግሞ በጎን መስታወቷ የሚታየው ነገር ሁሉ እስኪደበዝዝ ድረስ ትንቀጠቀጣለች። ኢሊያስ መጀመሪያ ጎማውን ጠርጥሮ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ቀያየረው፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። የሰፈራችን መካኒክ ኤርሳዶ በበኩሉ ፍሪሲዮኑ ነው ብሎ በልጆቹ ስም ማለ፤ እሱም ተሳሳተ። በመጨረሻ ኢሊያስ ወደ አረካ በሚወስደው ሜዳ ላይ እየፈጠነ ሳለ ማርሹን አውጥቶ መኪናዋን በራሷ እንድትንሸራተት ለቀቃት። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልተወም።

በዚያ ቀን እራት ላይ «አንተ ፊዚክስ ተማሪ፣ ሞተሩ ዝም ብሎ መኪናዋ ከተንቀጠቀጠች ጥፋተኛው ማነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ትንሽ አስቤ «ከካምቢዮው በኋላ ያለው ነው» አልኩት። «ወላሂ ከኤርሳዶ ትሻላለህ!» ብሎ ከፊቱ የነበረውን ሥጋ ወደ እኔ ገፋልኝ። በማግሥቱ ኤርሳዶ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ዘንጉን በእጁ ሲነቀንቀው የኋለኛው ክሮቼራ ላልቶ ቀጭ ቀጭ አለ። ኤርሳዶ ወንድሜን ሁልጊዜ በወላይትኛ «ኢሻ» ይለው ነበር፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ኢሻ፣ ያኔ ስለ ፍሪሲዮኑ የማልኩትን እርሳው። በዚህ ክሮቼራ ሜዳ ላይ ሂድ፤ ቁልቁለት ግን እንዳትወርድበት» አለው።

ኢሊያስ ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቱ አሳወቀ። የጠየቀው አዲስ መኪና አልነበረም፤ ፒክአፗ ተነስታ ሥሯ እንዲታይ ብቻ ነበር። ኤርሳዶ የመንግሥት ጨረታ ያላሸነፈ ስለሆነ ጆሮው የሰማውም፣ እጁ የነካውም ተቀባይነት እንደሌለው ተገለጸለት፤ ለኢሊያስ ለራሱም ያለ ስምሪት መኪና ወደ ጋራዥ በመውሰዱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። አንድ ክሮቼራ ጨረታ ያሸነፈ ሰው እስኪመጣ ሳይሰበር መጠበቅ እንዳለበት የተማርኩት ከመሥሪያ ቤትዎ ነው።

3ኛ. ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ስለ ግምገማው ነው። በሌላ አገር መኪና ስትንቀጠቀጥ ወደ ላይ ያነሷታል። እናንተ አዳራሽ ተሰብስባችሁ ውኃ በጠርሙስ አቅርባችሁ ከጠዋት እስከ ምሳ ገመገማችኋት። በአጀንዳው ላይ «በተሽከርካሪ አያያዝ ረገድ የሚታዩ የአመለካከት ችግሮች» ተብሎ መጻፉን ወንድሜ ነግሮናል። እርስዎ «እኔ ስሳፈርባት ተንቀጥቅጣብኝ አታውቅም» ማለትዎን፣ ይህም እርስዎ የሚሳፈሩት ባዶዋን ከቢሮ እስከ ቤትዎ በመሆኑ ፍጹም እውነት እንደሆነ፣ ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ወይዘሮ የማርያምወርቅም «መንቀጥቀጡ ከመኪናዋ ነው ወይስ ከአሽከርካሪው? ይህ በግልጽ ይለይልን» ብለው መጠየቃቸውን ሰምተናል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ደግሞ መለዋወጫ ይገዛ ማለት የኪራይ ሰብሳቢነት ምልክት ነው ብሏል አሉ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ኢሊያስ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጋበዘ።

ወንድሜ ቀልደኛ ነበር፤ ይህን እርስዎም አይክዱትም። ተነስቶ «ጓዶች፣ በእኔ በኩል ያለውን ድክመት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። አሁን ደግሞ መኪናዋ ትነሳና የራሷን ትናገር» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ እርስዎም ስቀዋል። ከሳቁ በኋላ ግን «ሂስ የማይቀበል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘበትና መኪናዋ ጤነኛ፣ አሽከርካሪው ችግር ያለበት መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ማታ ድምፃችሁን እያስመሰለ ለእናቴ ሲተርክላት እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች። እኔም ስቄ ነበር። ክሮቼራው ግን በስብሰባው ላይ አልተገኘም፤ ውሳኔውም አልደረሰውም።

4ኛ. ከአደጋው በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋማችሁ፣ ለሰብሳቢነትም በግምገማው ላይ ያንን ጥያቄ ከጠየቁት ከወይዘሮ የማርያምወርቅ የተሻለ ሰው ስላላገኛችሁ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው መንገዱ ላይ የጎማ መጎተት ምልክት አለማግኘቱን ጠቅሶ «አሽከርካሪው ፍሬን ለመያዝ ሙከራ አላደረገም» ሲል ደምድሟል። ዘንጉ ከኋላ በኩል ተሰብሮ እየተወራጨ የፍሬኑን ቧንቧና የእጅ ፍሬኑን ገመድ እንደቆረጣቸው፣ ዘንጉ ሲበጠስም ሞተሩ መኪናዋን ወደ ኋላ መያዝ እንዳቆመ፣ ስለዚህ ወንድሜ የረገጠው ፔዳል ከምንም ጋር ያልተያያዘ ብረት እንደነበረ ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ይበቃ ነበር። ጎንበስ ማለት ግን ከኮሚቴው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

በጋቢና አብራው የነበረችው የመስክ ባለሙያ የትምወርቅ በሕይወት አለች። ክንዷ ተሰብሮ ተኝታ ሳለ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። በመጀመሪያ ከእግራቸው ሥር በርሜል በድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ያለ ድምፅ ሰማች። ኢሊያስ ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ። ከዚያ «የቱዬ፣ ቀበቶሽን አጥብቂ፤ ወደ ገደሉ አልሰጥሽም» አላትና መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው፣ ማለትም በራሱ በር በኩል ጠመዘዘው። ኮሚቴው ይህን አልሰማም። ምክንያቱም የትምወርቅ በሕመም ፈቃድ ላይ ስለነበረች ለቃለ መጠይቅ መጥራት የሠራተኛ መብት መጣስ ነው ተብሏል። ለመብቷ ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ በእሷም ስም አመሰግናለሁ።

5ኛ. ለቅሶ ቤት ስለመጣችሁልን እናመሰግናለን። ፋቲሃ ተቀርቶ ሰው ገና ሳይበተን ከእናንተ አንዱ አባቴን ወደ ጎን ጠርቶ ሟች ክሊራንስ እንዳላጠናቀቀ፣ የመሥሪያ ቤቱ ክሪክና የሥራ ቱታ በእጁ እንደቀረ ገለጸለት። ክሪኩን እኔ ራሴ አምጥቼ ሰጠሁት። ኢሊያስ መኪናዋን አንስቶ ሥሯን እንዲያይበት ያልተፈቀደለት ክሪክ መሆኑን ያኔ አልነገርኩትም፤ ለቅሶ ላይ ነገር ማንሳት ነውር ነው። ቱታውን እናቴ አጠበችው፤ ደግማም አጠበችው፤ ተኩሳ፣ አጥፋ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስረከበች። ከንብረት ክፍል የመጣው መልስ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል የሚል ነበር።

6ኛ. የጥገናውን ነገር ደግሞ አቶ ቦልቴ ራሳቸው ነግረውኛል። የተሰበረው ዘንግ አልተቀየረም፤ ተበየደ። ባሌስትራውም አልወጣም። የተበየደ ዘንግ ሚዛኑን ስለማይጠብቅ ዛሬ ፒክአፗ ከመስከረም በባሰ ሁኔታ ትንቀጠቀጣለች። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር በኩል ስታልፍ የኋላ ሳንቃዋ ሲንኳኳ ከክፍላችን ይሰማል። አጠገቤ የምትቀመጠው ፋና የአቶ ቦልቴ ልጅ ናት። ያን ድምፅ ስትሰማ የምትጽፈውን አቁማ መኪናዋ እስክትርቅ ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ። መምህራችን ሁለታችንንም «ወደ መስኮት አትዩ» ብለው ተቆጥተውናል።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ወንድሜን ከጥፋት ነጻ አውጡልኝ አልልም፤ እሱ እናንተ ሰብሳቢ ከማትሆኑበት ዘንድ ሄዷል። ፒክአፗ ግን ወደ ሃላሌ ከመውረዷ በፊት ትነሳ። ዘንጉ በአዲስ ይቀየር፤ ባሌስትራው ይውጣ፤ ሲሚንቶው በልኳ ይጫን። ይህን ለማድረግ አዳራሽም፣ አጀንዳም፣ የታሸገ ውኃም አያስፈልግም። ጨረታ ያሸነፈም ይሁን ያላሸነፈ፣ ልብሱ ቢቆሽሽ የማይከፋው አንድ ሰው ከሥሯ ይግባ።

ለሠራተኞችዎ በሚያሳዩት አባታዊ እንክብካቤ፣ በተለይም ከሞቱ በኋላ ንብረታችሁን በምትከታተሉበት ትጋት ያለኝን ጥልቅ አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ መንገድዎ ሁሉ ሜዳ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
ቁልፉ የጎደለው ቱታ ባለቤት ወንድም፣
ፈሪድ ሽኩር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አቶ ቦልቴ ዛሬ ከሰዓት ወደ ሱቃችን መጥተው ነበር። አባቴ «ቁጭ በል እንጂ» ቢላቸውም አልተቀመጡም። ፒክአፗን ወደ ቁልቁለት እንደማያወርዷት ለእርስዎ ተናግረው መውጣታቸውንና ለዓርብ በእሳቸው የአመለካከት ችግር ላይ ግምገማ መጠራቱን ነገሩን። ስብሰባው እንዳይራዘምባችሁ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ላቅርብ፦ ኮሚቴው መኪናዋ ጤነኛ መሆኗን አረጋግጧል፤ ሲሚንቶው ተጭኗል፤ መንገዱም ክፍት ነው። እርስዎም መንጃ ፈቃድ አለዎት። ቁልፉን አቶ ቦልቴ ጠረጴዛዎ ላይ ትተውልዎታል።