ፊዚክሱን ከየት አመጣሽው?

ለመግቢያ ፈተና ውጤት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ነሐሴ 21

ጉዳዩ፦ «አጠራጣሪ» ተብሎ የታገደው የድጋሚ ፈተና ውጤቴ እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

1. እኔ አመልካች አምና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወስጄ ወድቄአለሁ። በፊዚክስ ያመጣሁት ውጤት ለሰው የሚነገር አልነበረም። ዘንድሮ በግል ተፈታኝነት ደግሜ ተፈተንኩ፤ ተማሪ እየመረጠ የሚቀበል አንድ ዩኒቨርሲቲም ውጤቴን አይቶ ለምህንድስና መርጦኛል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ውጤቴ ግን ለማረጋገጫ እርስዎ ጋ ሲደርስ ታግዷል።

2. ምክንያቱን ስጠይቅ በመስኮቱ ያሉት ሠራተኛዎ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ሰው በአንድ ዓመት እንዲህ አይሻሻልም፤ ፊዚክሱን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። «አንብቤ» ብላቸው ሳቁ፤ ጎረቤታቸውንም ጠርተው አሳቋቸው። በፈተና መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንበብ እንዲህ የሚያስቅ ነገር መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ ይደረግልኝ።

3. ከየት እንዳመጣሁት ልናገር። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ጋ ስተኩስና ቁልፍ ስተክል እውላለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ መጽሐፌን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ላይ አልገባኝ እያለ አለቅስ ነበር። አክስቴም «አልቅሰሽ ስትጨርሺ መልሰሽ ክፈቺው፤ ጨርቄን ግን በእንባሽ እንዳታበላሺብኝ» ትለኛለች። አንድ ቀን ስለ ፍጥነት ሳሰላስል የሰው ሱሪ አቃጠልኩ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ማስረጃ ይቅረብ ከተባለ ሱሪው አለ፤ አልጣልነውም።

4. ጽሕፈት ቤትዎ ግን ሱሪ አይቀበልም። የአምናው የፊዚክስ መምህሬ «ድሮም ጎበዝ ነበረች» ብለው በጽሑፍ እንዲመሰክሩ አዟል። እኒያ መምህር ዓመቱ ሲጀመር አንድ ቀን ገቡ፤ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ምዕራፍ አንድ» ብለው ጻፉ፤ ስልካቸው ሲጮህ ወጡ። በዚያው ቀሩ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሌሎቹ መምህራን ሰሌዳውን ሲያጠፉ ያችን ጥግ ይተዉላቸው ነበር፤ ይመለሳሉ ተብሎ። እኛም ሞኞቹ ደብተራችንን ገልጠን ስንጠብቅ ፈተናው ደረሰ። ከክፍላችን በፊዚክስ ያለፈ የለም።

5. ትእዛዝዎን አክብሬ መምህሩን ፍለጋ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ «እሳቸውማ ተሾሙ እኮ!» አሉኝ፤ የተሾሙበትንም ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ የዚህ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው ነው። ትናንት በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ላይ አልፈውኝ ሲሄዱ አላወቁኝም፤ አልፈርድብዎትም። እኔ ግን ከኋላዎ አወቅኩዎት። ያኔም በደንብ ያየሁት ጀርባዎን ነበር።

6. ተናድጃለሁ፤ አልደብቅም። ዓርብ ካለፈ ሌላ ዓመት የሰው ሱሪ ስተኩስ ልከርም ነው፤ ያውም መምህሬ ባላስተማሩኝ ትምህርት፣ «ለምን አወቅሽው» ተብዬ። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ይፈጸምልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ፦

ሀ. ቢሮዎ አስቀምጠው ራስዎ ይፈትኑኝ። ጥያቄውንም ራስዎ ያውጡት። ከምዕራፍ አንድ አልፈው መሄድ ከከበደዎት እዚያው ላይ እንቆማለን።

ለ. ይህ የማይመችዎ ከሆነ ምስክርነቱን ይጻፉልኝ። «ድሮም ጎበዝ ነበረች» ብለው እንዲዋሹልኝ አልጠይቅም። «አላስተማርኳትም» ብለው ይፈርሙበት፤ አምና ለምን እንደወደቅኩ ለሁሉም ይገባዋል።

እስከ ዓርብ ድረስ ስብሰባ እንደማይገቡ ተስፋ በማድረግ፣

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የአንድ ቀን ተማሪዎ