የቁም መብራቱን ሠሪ አገኘኋቸው

ውድ አክስቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። የምጠይቅሽ ብዙ ነው፤ በመብራቱ ልጀምር።

አጎቴ ዘንድ ስትሄጂ የተውሽልኝ የቁም መብራት ሰሞኑን ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረኝ። በቀለም የምታብጂ ሴት፣ ቆብም ጌጥም የሌለው አንድ ቀጥ ያለ ብረትና አንድ ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ብቻ የሆነውን ነገር ለምን እንደምትወጂው ዘወትር ይገርመኝ ነበር። ስጠይቅሽ "ለስፌቴ ይመቸኛል" ትያለሽ፤ በቃ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ አምፖሉን ቢቀይርልኝም አልሆነም። አሮጌ የቤት ዕቃ የምትሸጥ ወጣት ዘንድ ላከኝ። ወጣቷ ገና ስታየው "ይሄማ የአባቴ እጅ ነው" አለችና ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ወርክሾፕ አስገባችኝ።

አባቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብረት ይሞርዳሉ። መብራቱን ሲያዩ ሞረዳቸውን አስቀመጡ።

"አሁንም ትሰፋለች?" አሉኝ።

"ትሰፋለች። እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"አብረን ነው። 'የእጄ ጥላ ጨርቁ ላይ እያረፈ አስቸገረኝ' ስትለኝ፣ ረጅም አምፖል ጥላውን ያሳሳዋል ብዬ ጀመርኩላት። እኔ ጌጥ ስጨምር እሷ 'አንሳው፣ ዓይኔን ይሻማል' ስትል፣ ይኸው ይህ ቀረ።"

ይህን አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

"ከዚያ እንጋባ አልኳት" አሉ አምፖሉን የሚያስነሳውን ትንሽ ዕቃ፣ ስታርተሩን፣ እየፈቱ። "'መብራቱን ትተህ አንተ ሂድ' አለችኝ።"

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

"መቼ ነበር?"

"እህቷ አርፋባት፣ ሕፃኗን ልታሳድግ ያመጣች ጊዜ።"

"ሕፃኗ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ታዲያ አድገሻላ" አሉ።

"እምቢ ያለችዎት በእኔ ምክንያት ይሆን?"

"ለእኔም የነገረኝ የለም፣ ልጄ። ቆይቼ ሌላ አገባሁ፤ ልጅ ወለድኩ፤ ሚስቴ አረፈች። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።"

አዲስ ስታርተር ሲገባለት መብራቱ ጸጥ ብሎ በራ። ልይዘው ስጠጋ ብረቱን ጨበጡት።

"የማስረክበው ለባለቤቱ ነው። ራሷ መጥታ ትውሰድ።"

"ሩቅ ናት እኮ።"

"እኔ እንደሆን መጠበቅ ለምጃለሁ።"

እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ አልተከራከርኳቸውም። ብትቆጪኝ እችለዋለሁ። ለምን እንዲያ እንዳልሻቸው ለማወቅ ውስጤ ቢቃጠልም፣ ለእኔ ባትነግሪኝ ግድ የለም። ለእሳቸው ግን ንገሪያቸው። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ላኪልኝ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ፣ እስከ ወርክሾፑ በር አደርስሽና ውጭ እቆማለሁ።

ጆሮዬን በሩ ላይ ላለመለጠፍ ግን ቃል አልገባም።

ያሳደግሻት ልጅሽ