ከቆሰበር ዳንግላ፣ ከሴኡል ቶኪዮ

ይድረስ ለጀግናው ወንድሜ ለአድማሴ፣ ባሕር ማዶ ቶኪዮ ላለኸው።

እንደምን ሰንብተሃል? እግርህስ እንዴት ሆነልህ? ቁስሉ ጠገገ ወይስ ገና ያንገበግብሃል? የሰው አገር እህል ይስማማሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ፈረሴ ዳማውም ከጠገበ ወዲህ ለሰው አልያዝ ብሏል።

ደብዳቤህ የደረሰን በገና ማግስት ነው። ኮሪያ ግንባር ላይ ጥይት እግርህን እንዳገኘህ፣ ጠዋት ከሴኡል በአውሮፕላን ጭነውህ ምሳህን ቶኪዮ ሆስፒታል እንደበላህ ለቤተ ሰቡ አነበብኩ። መንገዱ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጊዜው ግን ከቆሰበር ዳንግላ በሰጋር በቅሎ እንደመሄድ ነው ያልከው ላይ ስደርስ እናታችን ብድግ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

የአገራችንን ነገር ታውቀዋለህ። መርዶ በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ራቅ ወዳለ ሐኪም ወሰዱት» ይባላል፤ ከዚያ ሽማግሌዎች በማለዳ ደጅ ይቆማሉ። አክስታችን በቀለችም በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆና፣ ይኼማ የመርዶው ዋዜማ ነው አለች። እናታችን «ከቁርስ እስከ ምሳ ባሕር የሚሻገር ነፍስ ብቻ ነው፤ ልጄ ሞቷል» ብላ ቁጭ አለች።

ብምልም ብገዘትም አልሰማ አለች። የእጅ ጽሕፈትህን እንዳላሳያት ፊደል አታውቅ። እልኼ መጣ። በገበያ ቀን በበቅሎዋ ላይ አስቀመጥኳትና ዳማውን እየገታሁ ከጎኗ ሄድኩ። ጀምበር ስትወጣ ተነስተን ገበያው ሳይሞቅ ዳንግላ ገባን። አድማሴ ሰማይ ላይ የቆየው ይችን ታህል ነው አልኳት።

ዞር ብላ የመጣንበትን መንገድ አየች። አምና ክረምት ጎረቤታችን ሽባባው እግሩን ሲሰበር በቃሬዛ ይዘነው የመጣነው በዚሁ መንገድ ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ትከሻ እየተቀባበለ፣ ጎርፍ አግዶን፣ ዳንግላ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ እግሩም ሳይተርፍ ቀረ። እናታችን ያን ቀን ስንቅ ይዛ ተከትላናለች። እንግዲህ ለልጄ ከሽባባው ይልቅ መንገዱ አጠረለት ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎን አልኳት። እዚያው ገበያ መሐል ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች፤ እልልታዋንም አቀለጠችው። ደስ ሲላት እንደልማዷ በአገውኛ እየተናገረች፣ ላወቃትም ላላወቃትም ልጄ በሰማይ ሄደ ስትል ዋለች።

አሁንማ ማን ይቻላት። ከትናንት ወዲያ በጊዮርጊስ ክብረ በዓል ዳማውን ጋልቤ ሁሉን ቀድሜ ስፎክር፣ የታናሽህ ይበልጣል፣ የእሱ ሣርም ውሃም አይጠይቅ ብላ በሰው ፊት አፌን አስያዘችኝ። አንተ እንኳ እንደ ገብስ ጆንያ ተጭነህ ነው እንጂ መች ጋለብህ! ቢሆንም አልተቀየምኩም። ኮርቼብሃለሁ ወንድሜ። ዛሬ በቆሰበር የአድማሴ ወንድም ነው የምባለው።

ባለቤቴ ውቢት እጅ ትነሣሃለች። አክስታችን በቀለች አፍራ ስለሰነበተች ሰላምታዋ እጥፍ ነው። ሽባባው ምርኩዙን ተደግፎ መጥቶ፣ እግርህን አደራ ብሎሃል። እናታችን ደግሞ ቃሌን ሳትለውጥ ጻፍልኝ ብላ ከጎኔ ተቀምጣለች፦ «በሰማይ መሄዱን ሄደሃል፤ ደጄን ስትረግጥ ግን በእግርህ ልይህ።»

ወንድምህ ክንዴ
ቆሰበር፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.