ደም ለማድረቅ ታጨሁ

ውድ መምሬ ኪዳነ ማርያም፣

እንደ ወትሮው መስቀልዎን ተሳልሜ ልጀምር ነበር፤ ንዴቴ አላስችል አለኝ። የንስሐ አባቴ ነዎትና «እርስዎ» ማለቱን አልተውም። ከዚያ በላይ ግን ከእኔ አይጠብቁ።

እናቴ ትናንት ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታ የላኩብኝን ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ቤተሰብ ሊያስታርቁ ነው አሉ፤ ደሙ እንዲደርቅም እኔ ለይታገሱ ታናሽ ወንድም፣ ለምናለ፣ ልዳር ነው። «ለሰላም ስትል እሺ ትበል» ብለዋል። እንዴት ከአፍዎ ወጣ?

አምና እኔና ይታገሱ እግርዎ ላይ ወድቀን የለመንንዎት ይህንኑ ነበር። አጎቱ አጎቴን በድንበር ጠብ ስለገደለው፣ ሽማግሌ ሰብስበው በጋብቻችን ያስታርቁን አልንዎት። ደም በተቃቡ ሰዎች መሀል ጋብቻ አይነሳም ብለው መለሱን። ኋላ ስናለቅስ ራሩና ቤትዎ ውስጥ ወንጌል አስመትተው፣ አስምለው በድብቅ አጋቡን። ቡሬ ተገናኝተን እንድንጠፋ የመከሩንም እርስዎ ነዎት።

ወንድሜ አዛናው ልንጠፋ መሆኑን ሰምቶ ቡሬ መናኸሪያ ሊያደባበት መሆኑን ሳውቅ ሮጬ የመጣሁት እርስዎ ዘንድ ነው። ስልክ ተቋርጧል፤ እኔ ይታገሱ ቤት ብቅ ማለት አልችልም። ቡሬ እንዳይሄድ፣ ደምበጫ እንደምጠብቀው ይንገሩልኝ አልኩ። «አሁኑኑ እሄዳለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ተዝካር ጠሩዎትና ገቡ። ባለቤቱ እንዳይቀየም ቁጭ አሉ፤ በሉ፤ ጠላው ተደገመልዎት። እኔ ደምበጫ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ስጠብቅ ወንድሜ ባሌን ቡሬ ላይ ገደለው። እሱ ታሰረ፤ እርስዎ ግን ለሽምግልና ተቀመጡ።

ከቀብሩ በኋላ እግዜር አልፈቀደም አሉኝ። እግዜርን አያስገቡት። ያልሄዱት እርስዎ ነዎት።

የወንድም ሚስት ለወንድም እንደማትሆን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ዝም ያሉት፣ ስንጋባ ከሦስታችን በቀር ማንም አላየም፣ አንዱም ሞቷል ብለው ነው። ክህነትዎ እንዳይነካ ብለው እኔን ለባሌ ወንድም ሊሰጡ! በጣም አዘንኩብዎት፤ ጠላሁዎትም።

ከእርቁ ቀን በፊት ለሽማግሌዎቹ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። ካልነገሩ እመጣለሁ። ከል ለብሼ መሀላቸው እቆማለሁ፤ ባል አግብቻለሁ፣ አልዳርም እላለሁ። ማን አጋባሽ ሲሉኝ ጣቴን ወደ እርስዎ እቀስራለሁ።

የይታገሱ ሚስት፣
እንቁ